ርካሽ አልነበረም፣ ወረፋ ነበር

ሰሞኑን ያቺ ዝርዝር ተመልሳ መጥታለች። ታውቋታላችሁ። ያረጀ በሚመስል ቢጫ ወረቀት ላይ የተጻፈች፣ ዳቦ በዚህን ያህል ሳንቲም፣ ስኳር በዚህን ያህል ብር፣ አንድ ሙሉ በግ በዚህን ያህል ብር የምትል። ባለፈው ሳምንት ብቻ ከሦስት ግሩፖች ተልካልኛለች፤ አንዱ የቤተሰብ ግሩፕ ነው። ከሥሯ የሚጻፈው ኮሜንትም ሁልጊዜ አንድ ነው። «በረከት ነበረ»፣ «ያኔ ነበር መኖር»፣ «ነጋዴው ነው ያጠፋን»። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዱ ብቅ ይልና «መንግሥት እንደ ድሮው ዋጋ ቢተምን ኖሮ» ይላል፤ ላይኩን የሚሰበስበው እሱ ነው።

ይህን ረጅም ጽሑፍ ያስጻፈችኝ የመጨረሻዋ ኮሜንት ናት። ነገሩ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሰው የልጅነቱን ከረሜላ ቢናፍቅ ማን ይከለክለዋል? ዝርዝሯ ግን ከናፍቆት አልፋ ፖሊሲ እየጠየቀች ነው። ያላየውን ዘመን ከዝርዝሯ ብቻ የሚያውቀው ወጣት ደግሞ አምኖ ይጠይቃል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በደርግ ዘመን፣ በቀበሌ ሱቅ ስኳር ያደግሁ ልጅ ነኝ። ስለዚህ በቁጥሮቹ ላይ ብዙ አልከራከርም። ዳቦ በሳንቲም ይገዛ ነበር፣ ስኳርም በጥቂት ብር። ውሸቱ ያለው ዋጋው ላይ ሳይሆን «ይገዛ ነበር» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ለወጣቶቹ ትንሽ ላስረዳ። ቀበሌ ያኔ መታወቂያ የሚሰጥ ቢሮ ብቻ አልነበረም። ቤት የሚያከራየው እሱ፣ ስብሰባ የሚጠራው እሱ፣ የሚያስረው እሱ፣ ስኳር የሚሸጠውም እሱ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ የቤት ቁጥሩ፣ የአባወራው ስምና የቤተሰቡ ብዛት የሰፈረበት ደብተር ነበረው። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ጤፍ፣ አልፎ አልፎም ማካሮኒ ሲመጣ በደብተሩ ልክ ይሸጥልሃል፤ ሻጩ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። በወሩ ምን ያህል እንደሚደርስህ የሚወስነው ቤትህ የሚያስፈልገው ሳይሆን መኪናው የጫነው ነው። ካልመጣ አልመጣም። የዋጋው ወረቀት ግን በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ሱቁ ተቆልፎ፣ ዋጋው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር እዚያው አለ። ዛሬ በቴሌግራም የሚዞረው ያ ወረቀት ነው።

«ስኳር መጣ!» የሚለው ወሬ ሁልጊዜ ከመኪናው ቀድሞ ሰፈር ይደርስ ነበር። ያን ጊዜ ማታውኑ ድንጋይ ይቀመጣል። ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድንጋይ ያውቃል። የእኛ አንድ ጎኑ የተሸረፈ ጥቁር ድንጋይ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ድንጋይ ይመሳሰላል ብለው አንገቱ የተሰበረ ጀበና ያስቀምጡ ነበር፤ ብልህ ሴት ነበሩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እናቴ ዘንቢሉንና ደብተሩን ታስይዘኝና በነጠላዋ ጠቅልላ ትልከኛለች። ስንደርስ ጠቡ ተጀምሯል። ድንጋይ ተገፍቷል፣ ድንጋይ ጠፍቷል፣ «ይሄ ድንጋይ ማታ እዚህ አልነበረም» ይባላል። አብዮት ጥበቃው ዱላውን ይዞ ሰልፉን ያስተካክላል፤ ሲያስተካክል ደግሞ የሚያውቃቸው ሰዎች እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ፊት ይገኛሉ። ሱቁ ሦስት ሰዓት ይከፈታል ተብሎ አምስት ሰዓት ይከፈታል። ከፊትህ ስድስት ሰው ሲቀር ሻጩ ሚዛኑን ያነሳና «አልቋል» ይላል።

በልጅነቴ እንደዚህች ቃል ያስለቀሰኝ የለም። አልቋል። ከዚያ ባዶ ዘንቢል ይዞ ወደ ቤት። ትምህርት ቤት መሄጃው ሰዓትም አልፏል። አስተማሪያችን ብዙም አይቆጣንም ነበር፤ እሱም ከሌላ ቀበሌ ወረፋ ላይ ነበር የሚያረፍደው።

እንግዲህ ሒሳብ እንሥራ ከተባለ፣ ያ ሁሉ ሰዓት ዋጋ ነው። በብር አልተከፈለም ማለት አልተከፈለም ማለት አይደለም። የከፈለችው እናቴ ናት፣ ከነጎረቤቶቿ። የከፈለው ከክፍል የቀረ ልጅ ነው። ዝርዝሯ ላይ «ስኳር 1 ኪሎ» ከሚለው ጎን ብር ብቻ ሳይሆን «ሲደመር አንድ ሌሊት» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ከእኔ ጋር ጠብ አልነበራትም።

«ቢያንስ ሁሉም እኩል ነበር» የምትሉ አላችሁ። እኩልነቱን በዓይናችን ያየን ሰዎች እንመልስ። ደብተር የሌለው ሰው በቀበሌው ዓይን ሆድ አልነበረውም። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ፣ መታወቂያ ያላወጣው ደባል፣ በረንዳ አዳሪው፣ እነዚህ ሁሉ ስኳር ካማራቸው ከራሽኑ ብዙ እጥፍ በሆነ ዋጋ ከጥቁር ገበያ ነው የሚገዙት። ከእነሱ የሚተርፈው ደግሞ የእኛው የደብተር ስኳር ነው፤ በሰፈራችን ስኳሩን ለነጋዴ ሸጦ በርበሬ የሚገዛ ቤት ሞልቶ ነበር። የሊቀመንበሩ ቤት ግን ስኳር አልቆበት አያውቅም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም።

ደሞዙም አለ። በደርግ ዘመን ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደሞዝ 50 ብር ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዞ የወጣው 500 ብር ይጀምራል። ባለ 50 ብሩ ዘበኛ የቀበሌው ጤፍ ካልመጣለት የወር ደሞዙን ሙሉ ቆጥሮ በነጻው ገበያ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም ነበር። ዝርዝሯን ስትልኩ ይህን ሰውዬ አብራችሁ ላኩልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እስካሁን ያልኩት ከተሜው በራሱ ላይ የከፈለውን ነው። የእኛን ርካሽ ስኳርና ጤፍ በዋናነት የከፈለው ግን ከተማ ውስጥ ያልነበረ ሰው ነው። የቀበሌው ጤፍ ከየት ነበር የሚመጣው? የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። ለየአውራጃው፣ ከዚያም ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይደለደላል። ገበሬው ያን ያህል ኩንታል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስገባል፤ ዋጋው በብዙ ቦታ ከነጻው ገበያ ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር፣ ለዓመታትም አልተነቃነቀም። ቁጥጥሩ ከሁሉም የጠናው ትርፍ አምራች በሚባሉት በጎጃምና በአርሲ ነበር። ነጋዴ እህል ጭኖ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳይሻገር መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው። የተሰበሰበው እህል ለጦሩ፣ ለመንግሥት ተቋማትና ለከተማ ቀበሌዎች ይከፋፈላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ ያመረተው ሰው ስሙ የለበትም።

ዝናብ ሲያጥር፣ ምርት ሲቀንስስ? ኮታው ኮታ ነው። ማሳው ኮታውን ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስገባበት ጊዜ ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። እህል አምራቹ ሰው፣ ካለው ላይ በጉን ወይም ጥጃውን ሸጦ፣ በገበያ ዋጋ እህል ገዝቶ፣ በግማሽ ዋጋ ለእኔ ቀበሌ ይልካል። እኔ ደግሞ ከ40 ዓመት በኋላ ስልኬን ይዤ «በረከት ነበረ» እላለሁ። በረከቱስ ነበረ፤ የሰው በረከት ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ፣ ኮረም ላይ ሰው በየማለዳው ሲቀበር፣ እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ራሽናችን አነሰ ብለን እናጉረመርም ነበር። የቀበሌው የዋጋ ወረቀት ያን ዓመትም አልተለወጠም። ለረሃቡ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም፤ ድርቁም ጦርነቱም ነበሩ። ነገር ግን ገበሬውን ጎተራ እንዳይኖረው፣ ነጋዴውን ከተረፈው አገር ወዳጣው አገር እህል እንዳያሻግር ያደረገ አሠራር ያን ዓመት ማንን እንዳገዘ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ ራሱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሳ። አወጁት እንጂ ወደውት አልነበረም፤ ነገሩ መሄጃ አጥቶ ነው። ከዚያ በፊት ገበሬው የሚጸልየው ስለ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ስለ ኮታ ሰብሳቢም ነበር። በዝርዝሯ ላይ የተጻፉት አብዛኞቹ ቁጥሮች ከዚያ በፊት ያሉ ናቸው። ብሩም ያኔ በ2.07 ከዶላር ጋር ተቸንክሮ ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. ወደ 5 ብር ሲሄድ ስንት ሰው «አበቃልን» እንዳለ አስታውሳለሁ። የተቸነከረ ዋጋ ሲነቀል ያማል። ሕመሙን ያመጣው ግን ነቃዩ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ምስማሩን መርሳት ነው።

ሌላም ዓይነት ናፍቆት አለ፤ እሱ ደግሞ ከደርግ ወደ ኋላ ይዘልና ወደ ጃንሆይ ዘመን ይሄዳል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። የፒያሳ ሱቅ፣ መስታወቱ የጠራ፣ መደርደሪያው በቆርቆሮ ምግብ የተሞላ፣ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ቆማ። «አዲስ አበባ እንዲህ ነበረች» ይላል ጽሑፉ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ያቺ ሴት የማን እናት ናት? የግሪክ፣ የጣሊያን፣ የአርመን፣ የሕንድ ነጋዴዎች የከፈቷቸው እነዚያ ሱቆች የከተማዋ እውነተኛ ታሪክ ናቸው፤ ካዛንቺስ ባምቢስ ብሎ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ሳያውቀው የግሪካዊ ባለሱቅ ስም ይጠራል። ነገር ግን ብዙዎቻችን እነዚያን ሱቆች የምናውቃቸው ከመስታወቱ ውጭ ነው። እኔ ሱፐርማርኬት የሚባል ነገር መጀመሪያ የገባሁት ከአጎቴ ጋር ነበር። የበሩ ጥበቃ ጫማዬን ነው ያየው፤ ፊቴን አላየም። ውስጥ ጋሪ የሚገፉ ሰዎች፣ በፕላስቲክ የታሸገ ቀይ ፖም፣ ስሙን የማላውቀው አይብ። አጎቴ አንድ ፓኬት ብስኩት ገዝቶ ወጣን። ያን ፖም ለሳምንታት አወራሁት፤ አልቀመስኩትም። እንግዲህ ይህን ትዝታ «አገራችን ሁሉ ሞልቶ ተርፎ ነበር» ለማለት ብጠቀምበት ምን ትሉኝ ነበር?

«ዋጋ ይተመን» ለሚሉት ደግሞ ደርግ ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱትን ልጥቀስ። ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መንግሥት በ17 ያህል ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አስቀመጠ። ሥጋ፣ ዳቦ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቢራ ሳይቀር። የመጀመሪያው ሳምንት ጭብጨባ ነበር፤ እኔ የማውቃቸው ሰዎች ሥጋ ቤት በር ላይ ፎቶ ተነስተዋል። ከዚያስ? ዘይቱ ከመደርደሪያ ጠፋ። ስኳሩ ጠፋ። ሸማቾች በር ላይ ሰልፉ ተመለሰ፤ ድንጋይ ብቻ ነው የቀረው። ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ተማኙ ራሱ አብዛኛውን ተመን አነሳ። የዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የዋጋ ንረቱ 40 በመቶ አካባቢ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ፌስቡክ በነበረበት ዘመን ነው፤ ማስረጃው ፍለጋ ቤተ መዛግብት መግባት አያሻም።

ቃሉም አብሮ ይመለሳል። በልጅነቴ ስኳር ሲጠፋ ሬዲዮው «የኢኮኖሚ አሻጥረኞች» ይል ነበር። ዛሬ «ስግብግብ ነጋዴዎች» ይባላል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሱቅ እየዞሩ ማሸግ ነበር፤ የታሸገ ሱቅ ደግሞ በምንም ዋጋ አይሸጥም። ስግብግብ ነጋዴ የለም አልልም፤ አለ፣ አውቀዋለሁ፣ ሰፈሬም ውስጥ አለ። ግን በአንድ ሌሊት የአገሪቱ ባለሱቅ ሁሉ አብሮ ስግብግብ ሆነ ከተባለ፣ ከሌሊቱ ቀደም ብሎ ምን እንደተደረገ መጠየቅ ያባት ነው።

ታዲያ ከድሮው የሚናፈቅ ምንም የለም ወይ? አለ። ተቆጥቼ የጻፍኩትም ስላለ ነው። ዝርዝሯ የማይገባውን እያስታወሰች የሚገባውን ታስረሳናለች።

የቀበሌው ስኳር ባልመጣበት ቀን ሁሉ እኛ ቤት የሚበላው ከሁለት ቦታ ነበር፤ ከጉሊትና ከባለሱቁ። ጉሊት ላይ ምንም ነገር በኪሎ አይሸጥም። ሽንኩርት በመደብ፣ ጎመን በእስር፣ በርበሬ በማንኪያ፣ ዘይት በሲኒ፣ ከሰል በጣሳ። ለዛሬ ወጥ የሚበቃ፣ ከዚያ አይበልጥም። እናቴ በስሙኒ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ይዛ ትመለሳለች፣ እኔ ስላክ ደግሞ «እትዬ ይመርቁልኝ በል» ትለኛለች። ሻጯ መደቡን ዘንቢሌ ውስጥ ትገለብጥና አንድ ጭንቁር ሽንኩርት ትጨምራለች። ምራቂ። ኢኮኖሚስቶች በትንሹ የሚገዛ ድሃ በኪሎ ሲሰላ ከሀብታም የበለጠ ይከፍላል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እናቴም ይህን ታውቅ ነበር፣ ሒሳብ አልተማረችም እንጂ ሒሳብ አይጠፋትም። ግን ኪሎ ለመግዛት የኪሎ ገንዘብ በአንድ ቀን እጅ ላይ መገኘት አለበት። የቀን ገቢ ያለው ሰው የቀን መስፈሪያ ያስፈልገዋል። ጉሊት ያንን መስፈሪያ ነው የሚሸጠው፤ ሽንኩርቱ ሰበብ ነው።

ባለሱቁ ደግሞ ዱቤ ነበረው። ቆጣሪው ላይ «ዛሬ በእጅ፣ ነገ በዱቤ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ፣ ከጽሑፉ ሥር ባለው መሳቢያ የዱቤ ደብተር ያስቀምጣል። ጽሑፉ ለእንግዳ ነው፣ ደብተሩ ለሰፈርተኛ። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ሱቁ ውስጥ እየተኛ የእኛን ሰፈር ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሰው ነበር። ደሞዝ መቼ እንደሚወጣ ያውቃል። የማን ባል ሥራ እንደለቀቀ ያውቃል። አንድ ጎረቤታችን የሞቱ ጊዜ የቤታቸውን ገጽ ለስድስት ወር አልገለጠውም፤ ይህን የሰማነው ከዓመታት በኋላ ከሚስትየዋ ነው። ወለድ አልነበረበትም። መያዣው ስምህ ነው፤ ስምህ ደግሞ የሚሠራው ሰዎች በሚያውቁህ ሰፈር ውስጥ ብቻ ነው።

ይህን ነው እየደመሰስን ያለነው፤ ዝርዝሯን እየላክን። በ2016 ከፒያሳ የጀመረው የኮሪደር ልማት፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስን ይዞ ሲቀጥል፣ ስለ ቅርስና ስለ ካሳ ብዙ ተጽፏል፤ ይጻፍ። ስለ ጉሊት የጻፈ ግን አላየሁም። አስፋልቱ ሰፋ፣ የእግረኛ መንገዱ አማረ፣ መብራቱ በራ። ያ የእግረኛ መንገድ ላይ መደብ ዘርግታ ልጆቿን ያሳደገችው ሴት የት ሄደች? ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሽንኩርቷን በሻሽ ጠቅልላ የምትሮጥ ሴት በየቀኑ እናያለን፤ አይተን ወደ ሱፐርማርኬት እንገባለን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የጅምላና የችርቻሮ ንግዱ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል፣ ትልልቆቹ ይመጣሉ። ይምጡ፤ ውድድር አልፈራም፣ እኔም እዚያ እገዛለሁ። ነገር ግን የትኛውም ሱፐርማርኬት ዘይት በሲኒ አይሸጥም፣ ገንዘብ ተቀባይዋም ባልሽ እንዴት ነው ብላ አትጠይቅም። እነሱ የጉሊትን ቦታ አይሞሉም። ቦታው ባዶ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ባዶነቱን የሚያየውም የወሩን አስቤዛ በአንድ ጊዜ መግዛት የማይችለው ብቻ ነው።

አንዲት ዘመዴ ከመሃል ከተማ ወደ ዳር ተዛውራለች። እውነቱን ለመናገር ቤቷ ከድሮው ይሻላል። ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ግድግዳው አያፈስም፣ ስሄድ ቡና አፍልታ በኩራት ታስጎበኘኛለች። ታዲያ በሁለተኛው ወር ደውላ ያለቀሰችው ስለ ቤቱ አልነበረም። የጡረታዋ ቀን ሳይደርስ ዘይት አልቆባት ሕንፃው ሥር ያለው ሱቅ ትወርዳለች። ልጁ ጨዋ ነው። «እማማ፣ እኔ እኮ አላውቅዎትም» አላት። ትክክል ነው፣ አያውቃትም። እሷ ደግሞ 30 ዓመት ሙሉ አላውቅሽም ተብላ አታውቅም ነበር።

የዘንድሮው መልስ ስልክ ነው። በቴሌብር በኩል «መላ» የሚባል ብድር፣ ሒሳብ ሲያጥር የሚሸፍን «እንደኪሴ» የሚባል አገልግሎት አለ። ስሞቹን ያወጣው ሰው አማርኛ ያውቃል፣ አደንቀዋለሁ። የአገልግሎት ክፍያም አለው፤ ንግድ ነውና አይገርምም። ለወጣቱ ጥሩ ነው። ሲስተሙ ግን የሚያውቀው የገንዘብ እንቅስቃሴህን ነው። የዘመዴ ጡረታ በወር አንዴ ይገባል፣ በዚያው ቀን ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ሰው በማሽን ዓይን ምን እንደሚመስል ገምቱ። ስድስት ወር ገጽ አለመግለጥ የሚባል ቁልፍም ስልኩ ላይ የለም።

ስለዚህ የድሮ ዋጋ ዝርዝር ከዚህ በኋላ ወደዚህ ቻናል ባትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ይልቅ አንድ ነገር ፈልጉልኝ። ለተነሺዎች በተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች፣ ገላን ጉራ ይሁን ሌላ፣ በፕላኑ ላይ ለስንት የጉሊት መደብ ቦታ እንደተያዘ የሚያውቅ፣ ከተማ አስተዳደር ውስጥም የሚሠራ ይሁን፣ እዚያው የሚኖር፣ ይጻፍልኝ። ኳስ ሜዳና መኪና ማቆሚያ እንዳለ አውቃለሁ፣ ተነግሮናል። የጉሊቱን ቁጥር ነው የምፈልገው። ዜሮም ከሆነ ዜሮ ብላችሁ ጻፉልኝ፣ እዚሁ አወጣዋለሁ።